የናፖሊ የልደት ምስሎችና ሰብሳቢዎቻቸው

ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በ1223 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ግሬቾ በተባለች መንደር በግርግም ድርቆሽ አስነጥፎ፥ በሬና አህያ አቁሞ፥ የጌታን ልደት ለሕዝቡ በዓይን ባሳየ ጊዜ፥ ሊያስተምር የወደደው የጌታን ድህነት ነበር፤ ያችው ግርግም ከ5 መቶ ዓመት በኋላ በናፖሊ የመኳንንት መፎካከሪያ ሆነች። በ1734 የናፖሊን ዙፋን የያዘው ካርሎ ዘቡርቦን ይህን ሥራ እጅግ ይወድ ስለ ነበረ፥ ንግሥቲቱ ማሪያ አማሊያም ለምስሎቹ ልብስ በገዛ እጅዋ ትሰፋ ነበር ስለሚባል፥ መኳንንቱና ባለጸጎቹ ነጋዴዎች የንጉሡን ፈለግ ተከትለው በየአዳራሻቸው «ፕሬሴፔ» የሚሉትን የልደት ትርኢት ያሠሩ ጀመር።

ከአንድ ክንድ የሚያንሰውን ምስል ልብሱን ገልጦ ላየው፥ ራሱ በእሳት ከተተኮሰ ሸክላ፥ ዓይኑ ከመስተዋት፥ እጁና እግሩ ከእንጨት ሲሆን፥ ገላው ግን በሽቦ ላይ የተጠመጠመ ቃጫ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ እንደ ወደደ ያንበረክከዋል፥ ያስቀምጠዋል። በስስ መግነዝ የተሸፈነውን ክርስቶስ ከእብነ በረድ ቀርጾ በ1753 የፈጸመው ዝነኛው ጁዜፔ ሳንማርቲኖ እንኳ ይህን የሸክላ ሥራ አልናቀውም። ድንግል ማርያም የምትቀመጠው በፈረሰ የአረማውያን መቅደስ ውስጥ ነው፤ የሄርኩላኔምና የፖምፔይ ፍርስራሽ በዚያው ዘመን ይቆፈር ነበርና። በዙሪያዋም ዓሣ ሻጩ፥ ባለ ጠጅ ቤቱ፥ ለማኙ፥ እንቅርት ያበጠባት አሮጊት፥ የሰብአ ሰገልም አጃቢ ከነሙዚቀኛው ይርመሰመሳል። ልደትን በሥዕል እንጂ በተቀረጸ ምስል ማየት ያልለመደ የአገራችን ምእመን፥ ሕፃኑ ወዴት አለ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የቡርቦኖች መንግሥት በ1860 ከወደቀ በኋላ ምስሎቹ ከየቤቱ እየወጡ ወደ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች እጅ ገቡ። ሚኬሌ ኩቺኒዬሎ ስብስቡን ለናፖሊው የሳን ማርቲኖ ቤተ መዘክር ሰጠ፤ በ1879 ለሕዝብ ሲከፈትም ከነዐለቱና ከነጠጅ ቤቱ ነበር። የሙኒክ ባለባንክ ማክስ ሽሜደረር የራሱን ለባቫርያ ብሔራዊ ቤተ መዘክር አበረከተ። ሎሬታ ሃይንስ ሃዋርድ የተባሉ አሜሪካዊት ደግሞ ከ1925 ጀምሮ ያሰባሰቡትን በ1964 ለኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ሰጡ፤ በዚያም መላእክቱ በገና ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቀላሉ፥ ኖላውያኑም ከግንዱ ሥር ይቆማሉ። እኔ ግን ፍርዴ ለኩቺኒዬሎ ነው፤ ሠፈር የሌለው ዓሣ ሻጭ ለማን ይሸጣል?

የተበተነ ስብስብ ሌላም ጣጣ አለበት። ነጋዴው የጥንቱን ራስ ከአዲስ ገላ፥ የአንዱን እጅ ከሌላው ክንድ ያጋጥማል፤ ሐሩም ቶሎ የሚያልቅ ስለ ሆነ በየጊዜው ይለወጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ በወርቅ ጥልፉ ሳይማረክ፥ አስቀድሞ ሸክላው ከቃጫው የሚታሰርበትን ከአንገት በታች ያለውን መጋጠሚያ ገልጦ ይመረምራል።