ስለ ትምህርት ምስክርነት፤ ከቤተ ልሔም ድጓ እስከ ማትሪክ

ትምህርት በልብ ውስጥ የተሰወረ ገንዘብ ነው። ወርቅ በሚዛን፥ እህል በቁና ይሰፈራል፤ የተማረ ሰው ዕውቀት ግን በዓይን አይታይምና የሚመሰክርለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ትምህርት ባለበት አገር ሁሉ አንድ ጥያቄ አብሮ ይኖራል፤ ይኸውም «ይህ ልጅ በእውነት ዐውቋል ብሎ የሚመሰክር ማን ነው? ምስክሩስ በምን ይታመናል?» የሚል ነው። ትምህርት ቤት ለገዛ ተማሪው የሚሰጠው ማርክ ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ይበቃል ወይስ አይበቃም እየተባለ የሚደረገው ክርክር አዲስ ይመስላል እንጂ፥ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከብዙ ዘመን በፊት መርምረው ሥርዓት ያበጁለት ነገር ነው።

ከላሊበላ ከተማ በስተ ምሥራቅ፥ በላስታ ደጋ ያለችው ገነተ ማርያም ከአለት ተፈልፍላ የታነጸች ቤተ ክርስቲያን ናት። በ13ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል በውስጧ ይገኛል። እንዲህ ያለች ደብር ያለ ካህን፥ ያለ ዲያቆንና ያለ ደብተራ አትቆምምና፥ የላስታ ልጅ ትምህርቱን የሚጀምረው በደብር ጥላ ሥር ነበር። ፊደሉን ለይቶ፥ አቡጊዳውን ቈጥሮ፥ ንባቡን በግእዝ፥ በውርድና በቁም ከተወጣ በኋላ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት ሲፈጽም ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው መምህሩን ያመሰግናሉ። እስከዚህ ድረስ ምስክሩ ያስተማረው የኔታ ብቻ ነው፤ ነገሩም ቀላል ነው፤ መጽሐፉ ተገልጦ ሲሰጠው ልጁ ወይ ያነባል ወይ አያነብም፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል።

ጥያቄው የሚከብደው ከዚህ በላይ ነው። ቅኔ ሊማር የሚወድ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ ከእናት ከአባቱ ይለያል። ለላስታ ሰው ቅርቡ ዋድላ ነው፤ ዋድላም በጎጃም ካሉት ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ በቅኔ ቤትነት ስሙ የተጠራ አገር ነው። በዚያ ተማሪው በዕድሜው ወይም በቆየበት ወራት ብዛት ወደ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ እርሱ ሲቃናለት ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ሚበዝኁ፥ ወደ ዋዜማ፥ ወደ ሥላሴ እያለ ባለ ስምንት ቤት እስከ ሆነው መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውንም ቅኔ በጓደኞቹ ፊት ይነግራል እንጂ በስውር አያቀርብም። አገባቡ የተበላሸ ወይም ምሥጢሩ የላላ እንደ ሆነ መምህሩ እዚያው ያፈርስበታል። እንዲህ በአደባባይ የሚሰጥ ፍርድ ለማድላት አይመችም፤ ትናንት ቅኔው የፈረሰበት ተማሪ ዛሬ የባልንጀራው የተበላሸ ቅኔ ሲታለፍ ቢሰማ ዝም አይልምና። ሲመረቅም በበዓል ቀን በማኅሌት ቆሞ ይቀኛል፤ ሌሎች ሊቃውንትም የመምህሩን ምስክርነት በጆሯቸው ይመዝናሉ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ይህ ሥርዓት ጎልቶ የታየው በድጓ ነው። የቅዱስ ያሬድ ድርሰት መሆኑ የሚነገርለት ድጓ የዓመቱን በዓላት ዜማ የያዘ ታላቅ መጽሐፍ ነው። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. በነገሠው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጁ ይነገራል። ነገር ግን ምልክት ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ ድፋቱ ወይም ርክርኩ እንዴት እንደሚባል ከአፍ ወደ ጆሮ ካልተላለፈ በቀር ጽሑፉ ዝም ይላል። አንዱ መምህር አጥብቆ ያስይዛል፥ ሌላው ይለቃል፤ የሁለቱም ተማሪ ግን እኩል «ድጓ ዐዋቂ ነኝ» ሊል ይችላል።

ለዚህ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው ምስክር ቤት ነው። ድጓ በጋይንት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፥ ቅዳሴ በወሎ ሰለልኩላና በትግራይ ደብረ ዐባይ፥ አቋቋም በጎንደር ይመሰከራል። ከላስታ የተነሣ የድጓ ተማሪ የመምህሩን ምርቃት ተቀብሎ፥ በመቄት አድርጎ ወደ ጋይንት ይሻገራል። ቤተ ልሔም ሲደርስ ከእገሌ ተምሬአለሁ ማለቱ ያስከብረው እንደ ሆነ ነው እንጂ አያሳልፈውም። መጽሐፉን ዘርግቶ እንደ ገና ይዘልቃል። የጎደለው ይሞላለታል፥ የተጣመመው ይቃናለታል፥ የመጽሐፉም ምልክት ይታረምለታል፤ «አስመሰከረ» የሚባለው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ያስተማረ ሰው ብቻውን አይመሰክርም፤ ነገር በአንድ ምስክር ቃል እንዳይጸና መጽሐፍ እንደሚያዝዝ፥ ለትምህርትም ሁለተኛ ምስክር ቆሞለታል። ሁለተኛው፥ የሚመሰክረው ሰው ራሱ ያርማል። ያልበሰለው ተማሪ ስሕተቱ ተቈጥሮ ወደ አገሩ አይባረርም፤ እስኪበስል ድረስ እዚያው ይቀመጣል።

ምስክርነቱ የተከበረበት ሌላም ምክንያት አለ። የኔታ የሚኖረው ደብሩ ከሚያበላው መሬትና ከምእመናን ስጦታ እንጂ ተማሪ በየወሩ ከሚከፍለው ገንዘብ አልነበረም። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ ያድራል፤ ለመምህሩም ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል። ስለዚህ መምህሩ ሰነፉን ሰነፍ ቢለው ገቢው አይጎድልበትም። ይሁን እንጂ ያን ዘመን ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። ረኃብና በሽታ በጎጆው ያሉትን ተማሪዎች ይፈትን ነበር፤ ብዙ ልጅም ከመንገድ ቀርቷል፤ ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶቹ በቀር ከዚህ ማዕድ አልተካፈሉም።

ዘመናዊው ትምህርት በምኒልክ ትምህርት ቤት ተጀምሮ፥ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰፋ፤ የኢጣልያ ወረራ ካቋረጠውም በኋላ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ገና ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዕውቀታቸውን ያስመሰከሩት በለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር፤ ቤተ ልሔም በባሕር ማዶ ሆነች ማለት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ግን መርጦ የሚያስገባበት የአገር ሚዛን አስፈለገው። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ፈተና የተባለው ይህን ሥራ ያዘ፤ ሕዝቡም ከለንደኑ ፈተና ስም ወስዶ «ማትሪክ» አለው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ፈተናው ተለውጦ በ10ኛና በ12ኛ ክፍል ሲከፈልም ስሙ ከሕዝብ አፍ አልጠፋም።

ፈተናው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጥ ነው። የመንግሥት፥ የሚሲዮንና የግል ትምህርት ቤቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቁና ይሰፍራሉ፤ በአንዱ ዘንድ 90 የተባለው በሌላው ዘንድ 60 ሊሆን ይችላል። በተለይም በወላጅ ክፍያ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ከባድ ፈተና አለበት። የልጅ ማርክ ከፍ ሲል ወላጅ ደስ ይለዋል፤ ወላጅ ደስ ሲለው ወንበሩ ይሞላል፤ ማርኩን እውነተኛ ያደረገው ትምህርት ቤት ግን ተማሪው ወደ ጎረቤቱ ሲሄድበት ያያል። በዚህ ውስጥ ክፉ ሰው መኖር አያስፈልግም፤ የሚዛኑ አቀማመጥ ራሱ ያጋድላል።

ይህም በኢትዮጵያ ብቻ የሚታይ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የመልቀቂያው ፈተና ቀርቶ መምህራን በሰጡት ማርክ ተተክቶ ነበር። ከወረርሽኙ በፊት በ2011 ዓ.ም. ከተሰጠው ማርክ ሁሉ ከፍተኛው ወደ 25 ከመቶ ሲሆን፥ በ2013 ዓ.ም. ወደ 45 ከመቶ ወጣ፤ በክፍያ በሚተዳደሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ 70 ከመቶ ደረሰ። ፈተናው ከተመለሰ በኋላ በ2015 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 27 ከመቶ ወረደ። ልጆቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቃውንት ሆነው፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ አልደነቈሩም፤ የተለወጠው ምስክሩ ነው።

ነገር ግን ሁለተኛው ምስክርም ሊታመም ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በየስልኩ ስለ ታየ በመላ አገሪቱ ተቋርጦ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። የመኮራረጅም ነገር እየበዛ ስለ ሄደ፥ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ከየአገራቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። እነዚህ ልጆች ግን 12 ዓመት ሙሉ በየትምህርት ቤታቸው አልፈዋል እየተባሉ ከክፍል ወደ ክፍል የወጡ ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ምስክር 12 ጊዜ ሳይታረም መስክሮ ነበር ማለት ነው።

የላስታንና የሰሜን ወሎን ልጅ ነገር ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ሐዘን ያገኛል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላሊበላና አካባቢው የጦርነት አገር ሆኖ ነበር። የአገሩ ተማሪዎች ከሌላው ጋራ መፈተን ስላልቻሉ በዚያው በ2014 ዓ.ም. በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከዚያም ወዲህ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ አገር በተነሣው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ለእንዲህ ያለ ልጅ የፈተናው ቍጥር የዕውቀቱን ልክ ብቻ ሳይሆን የደረሰበትንም መከራ ይለካል። ሚዛኑ አልዋሸም፤ ነገር ግን እውነቱን ሁሉ አልተናገረም።

ስለዚህ መድኃኒቱ ሚዛኑን መስበር አይደለም። ለድኻ ልጅ የሚታመን ፈተና ጋሻው ነው፤ የሚያውቀው ሰው፥ የሚከፍለው ገንዘብ የለውምና። ትምህርት ቤቶች እንዳሻቸው በሚሰጡት ማርክ ብቻ የከፍተኛ ትምህርት በር ቢከፈት፥ ከገነተ ማርያም የሚመጣው ልጅ በዋና ከተማ ከሚማረው ልጅ ኋላ ይቀራል። መድኃኒቱ ቤተ ልሔም ያስተማረችውን ሁለተኛውን ነገር ማስታወስ ነው፤ ምስክሩ ያርም ዘንድ። ከ2015 ዓ.ም. ውጤት በኋላ ግማሽ ካላመጡት መካከል ከፍ ያለ ውጤት የነበራቸው ከ100 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት ተምረው ዳግመኛ እንዲፈተኑ መደረጉ፥ ሳይታሰብም ቢሆን ወደ ጥንቱ ጥበብ የተመለሰ ሥራ ነበር።

ይሁንና እርማት በ12ኛ ክፍል ማለቂያ ሲጀመር ዘግይቷል። በቅኔ ቤት ጉባኤ ቃናው ሳይቃና መወድስ የሞከረ የለም። መምህር በ3ኛ ክፍል ያላነበበውን ልጅ አንብቧል ብሎ ሲያሳልፈው የራራለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ዕዳውን ወደ ፊት አስተላለፈበት እንጂ አልማረለትም። በየዓመቱ በእውነት የሚመሰክር መምህር፥ ያላወቀውን አስቀምጦ የሚያርም ትምህርት ቤት፥ ሁለቱንም የሚመረምር የታመነ ፈተና፥ እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ከላስታ ደጋ የወጣ ልጅ በደረሰበት ሁሉ ቃሉ ይታመናል።