ከመስታወት በስተጀርባ፦ ቡፌ እንደ ቤተሰብ ማኅደር

(በቆሰበር ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ዘመቻ ወይም ስለ ግብር ሥርዓት ለመናገር አልቆምኩም። የምናገረው የሳሎናችንን ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቆም፣ ከላይ የመስታወት ከታች የእንጨት በር ስላለው፣ ሲኒ፣ ብርጭቆና ፎቶግራፍ ስለሚደረደርበት ዕቃ ነው፤ ስለ ቡፌ።

የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ቡፌ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም። ቤተሰቡ፣ ከሁሉም በላይ የቤቱ እመቤት፣ መርጣ የሰበሰበችውና በራሷ ሥርዓት ያደራጀችው ማኅደር ነው። እኛ የታሪክ ባለሙያዎች ግን እንደ ማኅደር ሳናነበው በዓይናችን ፊት እየፈረሰ ይገኛል።

ቃላቱ የሚመሰክሩት

ከስሙ እንጀምር። «ቡፌ» የፈረንሳይኛ ቃል ነው። አጠገቡ የሚቆመው «ኮመዲኖ» ደግሞ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጀርባው የሚሠራበት «ኮምፔንሳቶም» እንዲሁ ጣሊያንኛ ነው። በመደርደሪያው ላይ የሚነጠፈው «ዳንቴል» ወደ ፈረንሳይኛ ይመልሰናል። በዳንቴሉ ላይ የሚቀመጠው «ሲኒ» በዐረብኛ «ቻይናዊ» ማለት ነው፤ የሸክላውን የመጀመሪያ አገር በስሙ ተሸክሞ መጥቷል። «ፍንጃልም» በዚያው በዐረብኛ በር የገባ ነው። የጠጅ ዕቃችን «ብርሌ» ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ከከበሩ ድንጋዮች መካከል ከሚቆጠረው «ቢረሌ» ጋር ያለው ዝምድና ለጆሮ ቅርብ ነው።

በአንድ ዕቃ ውስጥ የቀይ ባሕር ንግድ፣ የጂቡቲ የባቡር ሐዲድና የጣሊያን ወረራ ዘመን በቃላት መልክ ተደርድረው ይገኛሉ። ቡፌው ግን ሲነሣ ቃላቱም ከአፋችን መውደቃቸው አይቀርም። ለዚህም ነው ምርመራውን ከቋንቋ የጀመርኩት።

መስታወት ወደ ደጋው እንዴት ወጣ?

መስታወት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል የተለያዩ የመስታወት ዓይነቶችን ይዘረዝራል። በአክሱም የተካሄዱ ቁፋሮዎችም ከውጭ የመጡ የመስታወት ዕቃዎችን አስገኝተዋል። ይሁን እንጂ ያ መስታወት ለቤተ መንግሥትና ለመቃብር የሚሆን የጥቂቶች ሀብት ነበር።

በጎንደር ዘመንም መስታወት ብርቅ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከቬኒስ የመጡ መስታወቶች የጎንደርን ቤተ መንግሥት ያስጌጡ እንደነበር ጽፏል። ይኸው ሰው በ1770 እ.ኤ.አ. በኖቬምበር ወር የዐባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ ግሽ ሲጓዝ በአገው ምድር አልፏል። ስለ አገው ሕዝብ የጻፈው ለርእሳችን ጠቃሚ ነው፤ የጎንደር ከተማ ማር፣ ቅቤና የቀንድ ከብት በብዛት ከዚህ አካባቢ ታገኝ እንደነበር ይነግረናል። ሁለቱን መረጃዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ሥዕል ይወጣል። ማሩ ከአገው ምድር ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ከማሩ የተጣለው ጠጅ የሚቀዳበት የመስታወት ዕቃ ግን በየገበሬው ቤት አይገኝም። ገበሬው የሚጠጣው በቀንድ ዋንጫ ወይም በቅል ነበር።

ይህን የለወጠው መጓጓዣ ነው። መስታወት በበቅሎ ጀርባ ተራራ ወጥቶ ገደል ሲወርድ ይሰበራል፤ ውድ የሚያደርገው ከመሥሪያው ወጪ ይልቅ መንገዱ ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ከወደብ እስከ መዲናዋ ያለው አደጋ ቀነሰ። ለጎጃም ግን የዐባይ በረሃ ገና ቀርቶ ነበር። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የተሠራው ድልድይና በላዩ ያለፈው የመኪና መንገድ ነገሩን ቀየሩት። ቆሰበር በዚሁ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዚያ ወዲህ መስታወት በሣር ወይም በገለባ ተጠቅጥቆ በጭነት መኪና እዚህ መውረድ ቻለ።

ከቡፌ በፊት ሀብት የት ይታይ ነበር?

ሀብትን ማሳየት በቡፌ አልተጀመረም። የሚታይበት ቦታ ግን ሌላ ነበር። የገበሬ ሀብት የሚታየው በደጅ ነው፤ በበረቱ፣ በጎተራው፣ በከብቱ። በአገው ምድር ከሁሉ በላይ ፈረስ ነበር፣ ዛሬም ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ የምናየው የፈረስ ዕቃ፣ ማለትም የተጌጠው ኮርቻ፣ ልጓሙና ግላሱ፣ የባለቤቱን ክብር በአደባባይ የሚናገር ነው። የቤት ውስጡ ሀብት በአንጻሩ ይደበቃል፤ ልብስና ጌጥ በሣጥን፣ እህል በጎታ፣ ሰነድ በስልቻ። ከቤት ውስጥ ዕቃ ለእንግዳ ዓይን ክፍት የነበረው በግድግዳ የሚሰቀለው ስፌት ነው፤ እርሱም የሴቶች የእጅ ሥራ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ቡፌ የአውሮፓውያን ግልባጭ ነው፤ የከተሜ ታይታ ነው፤ ምን ታሪክ አለው?» ይባላል። ወደ ሐረር እንድትመለከቱ እጠይቃችኋለሁ። በጁገል ግንብ ውስጥ በሚገኘው ባህላዊ የሐረሪ ቤት ሳሎኑ በደረጃ የተለያዩ መደቦች አሉት፤ በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩ ክፍት መደርደሪያዎችም ሳህንና ሌላ ዕቃ ለእንግዳ እንዲታይ ይደረደራል። ግድግዳውን የሚሸፍኑት ስፌቶች የእናቶችና የሴት ልጆች ሥራዎች ናቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በላሙ ከተማም የነጋዴ ቤቶች ለቻይና ሸክላ እንዲህ ያለ የግድግዳ መደርደሪያ ነበራቸው። ስለዚህ የከበረውን ዕቃ በእንግዳ መቀበያ ክፍል መደርደር በአካባቢያችን ሥር ያለው ልማድ ነው። ከአውሮፓ የመጣው ስሙ፣ የእንጨቱ ቅርጽና የመስታወት በሩ ናቸው።

አገልግሎቱም ተለውጧል። በፈረንሳይ ቤት ቡፌ የሚቆመው በመመገቢያ ክፍል ነው፤ ምግብ ይቀርብበታል። በእኛ ቤት ወደ ሳሎን ገባ፤ ከሲኒው ጎን የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የፕላስቲክ አበባ ተቀመጠበት። ይህን ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ ያገናኘ የአውሮፓ ደንብ የለም። የእኛ ሰው የፈጠረው ሥርዓት ነው።

ዕቃውን ማንበብ

ውድ ተማሪዎች፣ አንድ ቡፌ መቼ እንደ ተሠራ ማንም ባይነግራችሁ ዕቃው ራሱ ይነግራችኋል። ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ።

አንደኛው እንጨቱ ነው። የቆየው ቡፌ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ የተሠራ፣ ከባድ፣ ማዕዘኑ ጥርስ በጥርስ የተጋጠመ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ከልክሏል። ዛፉም እየተመናመነ ሄዷል። ኮምፔንሳቶ፣ ፎርማይካ፣ ችፑድና ኤምዲኤፍ የዋንዛን ቦታ የያዙት በየተራ ነው። ስለዚህ የቡፌው እንጨት የአካባቢያችን ደን ታሪክም ነው።

ሁለተኛው መስታወቱ ነው። ከፊቱ ቆማችሁ ራሳችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታንቀሳቅሱ ከኋላው ያለው ሲኒ የሚወዛወዝ ከመሰላችሁ፣ ወይም ጥቃቅን የአየር ፊኛዎች ካያችሁ፣ መስታወቱ በአሮጌው ስልት የተሠራ ሊሆን ይችላል። በ1959 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው አላስቴር ፒልኪንግተን ይፋ ያደረገው ስልት የቀለጠ መስታወትን በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ በማንሳፈፍ ፍጹም ልሙጥ ገጽ እንዲኖረው አስቻለ። ይህ ስልት በዓለም ሲስፋፋ ሰፊና ልሙጥ መስታወት ርካሽ ሆነ።

ሦስተኛው ጥቃቅኑ ብረታ ብረት ነው። የብሎኑ አናት አንድ መስመር ብቻ ያለው ነው ወይስ መስቀለኛ? መስታወቱ የሚንሸራተተው በተቦረቦረ እንጨት ውስጥ ነው ወይስ በፕላስቲክ ሐዲድ? ማጠፊያው ተለውጧል? ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ መስታወት ተሰብሮ ይተካል፣ አሮጌ በር ለአዲስ ሣጥን ይገጠማል። ስለዚህ በአንድ ምልክት ብቻ አትፍረዱ፤ ሦስቱ ሲስማሙ ተናገሩ።

የማን ማኅደር?

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። የጎጃም ታሪክ የተጻፈባቸው ሰነዶች በአብዛኛው የመሬትና የግብር ሰነዶች ናቸው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም የተነሣው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ሲጠና እንኳ የምናነበው በብዛት ስለ ወንዶች ነው። እርግጥ ነው፣ በርስት ሥርዓታችን ሴት ልጅ ወራሽ ነበረች። ዶናልድ ክራሚም የጎንደር ዘመንን ሰነዶች መርምሮ ሴቶች ባለ መሬት እንደነበሩ አሳይቷል። የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድ የመሬት ደብተር ላይ በሰፊው መታየት የጀመረው ግን በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በክልላችን በተጀመረው የይዞታ ምዝገባ ነው። ከዚያ በፊት የኖሩትን የብዙ እናቶች የኑሮ ውሳኔ፣ ቁጠባና ምርጫ በየትኛው ሰነድ እናገኘዋለን?

አንዱ መልስ በቡፌው ውስጥ ነው። በእናቴ ቤት የቡፌው ቁልፍ በነጠላዋ ጫፍ ይቋጠር ነበር። አባቴ የመሬቱን ደረሰኝ ያውቃል፤ እያንዳንዱ ብርጭቆ ከየት እንደ መጣ የምታውቀው ግን እርሷ ነበረች። ይህ በዕቁብ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ ያ ከአክስትሽ ሠርግ የቀረ ነው፤ ይህን ወንድምሽ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል አመጣው ትላለች፣ ለእኅቴ ስትነግራት። ለየቀኑ ቡና ሌላ ሲኒ ነበረን፤ የቡፌው ሲኒ የሚወጣው ለተከበረ እንግዳ ብቻ ነው። ስድስት የነበሩት ሲኒዎች አራት ቢሆኑ እንኳ አይጣሉም። የጎደሉት ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ ነበራቸው፤ አንዱ በየትኛው ክርስትና፣ ሌላው በየትኛው ለቅሶ እንደ ተሰበረ ትነግረን ነበር።

በታሪክ ሙያ ቋንቋ ይህን ብንገልጸው እናቴ ማኅደሯን በምንጭ፣ በጊዜና በደረጃ ለይታ አደራጅታ ነበር ማለት ነው። ከወረቀት ማኅደር የሚለየው ማውጫው በቃሏ ብቻ መኖሩ ነው። እርሷ ስታልፍ ሲኒዎቹ ቀሩ፤ ማውጫው ግን አብሯት ሄደ። ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አለመሆኑን እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ።

ምን እናድርግ?

ዛሬ በየቤቱ ቡፌው የቆመበትን ግድግዳ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ እየወሰደው ነው። ዋንዛው ተነቅሎ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ መስታወቱ ለመስኮት ይቆረጣል፤ ሲኒው በካርቶን ታስሮ ከአልጋ ሥር ይገባል። ማንም ቤቱን እንዳሻው የማደስ መብት አለው፤ አሮጌ ዕቃ እንዲቆይ ሰውን ማስገደድ የእኛ ሥራ አይደለም። ከመነሣቱ በፊት መመዝገብ ግን የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ለዕረፍት ወደ እንጅባራ ቀበሌዎች፣ ወደ ዳንግላ፣ ወደ ቻግኒ ስትመለሱ አንድ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። አያታችሁን ወይም የጎረቤት እናትን ፈቃድ ጠይቁ። ቡፌውን እንዳለ፣ ምንም ሳታነሡ፣ ፎቶግራፍ አንሡ፤ አቀማመጡ ራሱ መረጃ ነውና። ከዚያ ከላይኛው መደርደሪያ ጀምራችሁ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ አራት ነገር ጠይቁ፦ ማን አመጣው? መቼ? በምን ገንዘብ? ለማን ይወጣል? ባለቤቷ በአውኚ የምትነግራችሁን በአውኚ ጻፉ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ስለ ጎደለው ዕቃም መጠየቅ አትርሱ። ሲኒውን ለመግዛት ወይም ለመውሰድ አትሞክሩ። የጻፋችሁትን አንድ ቅጂ ለባለቤቷ ስጡ፤ ያ ታሪክ በመጀመሪያ የእርሷ ነው።

ከእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ብቻ ቢመጣ፣ ከሃምሳ ቤቶች በኋላ በየትኛውም ግምጃ ቤት የማይገኝ የዚህ አካባቢ የኑሮ ታሪክ በእጃችን ይሆናል። ዕቁብ ለማን ምን ገዛ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ በየትኛው ዘመን ወደ ገበሬ ቤት ገባ፣ የውጭ ዕቃ በየትኛው መንገድ ደረሰ የሚሉትን ጥያቄዎች በማስረጃ መመለስ እንችላለን። መልሱን የያዙት እናቶች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሥራው ለሚቀጥለው ዓመት የሚቆይ አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከእናቶች ብንጀምር ደስ ይለኛል።