ጀናዛቸው ላይ ማን ሰገደ? በባዕድ ሠራዊት ውስጥ የወደቁ ሙስሊሞችና የሠራዊት ኢማሞች

  

ንጉሣችን አስሐማ ነጃሺ ያረፉ ዕለት መዲና ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሞታቸውን ዜና ለሶሓቦች ነገሩ፣ ወደ መስገጃው ሜዳ ወጡ፣ ሰልፍ አስያዙ፣ አራት ተክቢራ አድርገው ሰገዱባቸው። አስከሬኑ ያለው ግን ባሕር ማዶ፣ ሐበሻ ምድር ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ይህ ሐዲስ በሩቅ ላለ ሟች የሚሰገደው የሶላቱል ጋኢብ መሠረት ነው። ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምናነሳው ለኩራት ነው። ዛሬ ያነሳነው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ከአገሩ ርቆ፣ ዘመድ በሌለበት፣ የሌላ እምነት ሰዎች በሚመሩት ጦር ውስጥ የሞተን ሙስሊም ማን ያጥበዋል? ማን ይከፍነዋል? ማን ይሰግድበታል?

ጥያቄው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ታላላቅ መንግሥታትን አስጨንቋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1914 መጸው እንግሊዝ የሕንድ ወታደሮቿን ወደ ፈረንሳይ ግንባር አዘመተች። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የፑንጃብና የሰሜን ምዕራብ ድንበር አካባቢ ሙስሊሞች ነበሩ። ቁስለኞቹ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲመጡ ብራይተን ከተማ ያለው የነገሥታት ቤተ መንግሥት ሆስፒታል ተደረገላቸው። ሕንድን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ንጉሥ በሕንድ አምሳል ጉልላት ያሠራው ቤት ነው፤ አጋጣሚው ራሱ ይገርማል። የሙስሊሙ፣ የሂንዱውና የሲኩ ማዕድ ቤት ለየብቻ ተደራጀ። እርዱም ለየብቻ ነበር። ሙስሊሞች ፊታቸውን ወደ ቂብላ አድርገው የሚሰግዱበት የሣር ሜዳም ተለየላቸው።

ከሞቱት መካከል ሂንዱዎቹና ሲኮቹ ከብራይተን በላይ ባለው ኮረብታ እንደ እምነታቸው አስከሬናቸው ተቃጠለ። ሙስሊሞቹ ግን ከለንደን ደቡብ ምዕራብ ወደምትገኘው ዎኪንግ ተወሰዱ፤ ምክንያቱም እዚያ መስጂድ ነበረ። መስጂዱን በ1889 ያሠሩት በሃንጋሪ የተወለዱት የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ ላይትነር ሲሆኑ፣ ዋናውን ገንዘብ የሰጡት የቦፓል ገዢ የነበሩት ሙስሊም ሴት ሻህ ጀሃን ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ኢማሙ መውላና ሰድሩዲን ነበሩ። (የመስጂዱን ሥራ ይመሩ የነበሩት የላሆር አሕመዲያ ሰዎች ናቸው፤ ታሪክ ስንጽፍ ይህን መደበቅ አይገባንም።)

ሰድሩዲን የሠራዊቱ መኮንን አልነበሩም፤ ሥራቸው ግን ዛሬ የሠራዊት ኢማም ከሚሠራው ብዙም አይለይም። አስከሬን ሲመጣ ይቀበላሉ፣ ጀናዛውን ይሰግዳሉ፣ ቀብሩን ያስፈጽማሉ። ከዚያ ጎን ለጎን የእንግሊዝ ጦር የራሱን ወታደራዊ ክብር ይሰጣል። እዚህ ላይ የፊቅህ ነገር አለ። የኡሑድ ሸሂዶች ሳይታጠቡ፣ በደማቸውና በልብሳቸው እንደተቀበሩ እናውቃለን። ቆስሎ ከውጊያው ቦታ ከወጣ በኋላ ቆይቶ ሆስፒታል ውስጥ የሞተ ሰው ግን በዑለሞች ዘንድ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታልም። እነዚህ ደግሞ የተዋጉት በክርስቲያን ንጉሥ ሰንደቅ ሥር ነው። ኸሊፋው፣ የቱርኩ ሱልጣን፣ በዚያው በኅዳር 1914 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጂሃድ አውጆ ነበር። ሸሂድ ናቸው አይደሉም የሚለውን ለአላህ ትተን፣ ጀናዛቸው ላይ መስገድ ግን ለሙስሊሙ ፈርዱ ኪፋያ መሆኑ አያጠያይቅም።

ይህን የጀርመን ፕሮፓጋንዳ አልዘነጋውም። እንግሊዞች ሙስሊም ወታደሮችን ያለ ሥርዓታቸው ይቀብራሉ የሚል ወሬ ተነዛ። ሰድሩዲን በበኩላቸው የተሰጣቸው ቦታ አጥር የሌለውና ለቀብር የማይመጥን መሆኑን ለጦር ሚኒስቴሩ አቤት አሉ። የሁለቱ ድምር ሥራ አስጀመረ። ሆርሰል በተባለው ጫካማ መሬት ላይ በጡብ አጥር የተከበበ፣ መግቢያው ጉልላትና ቅስት ያለው የሙስሊም መቃብር በ1917 ተጠናቀቀ። ከአንደኛው ጦርነት 19 ወታደሮች አረፉበት። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ግን አንድ ግዛተ መንግሥት ለ19 ሰው መቃብር ያን ያህል የተጨነቀው ለሟቾቹ አዝኖ ብቻ አይመስለንም፤ ፑንጃብ ላይ ገና ልጆቻቸውን ለምልመላ የሚሰጡ እናቶች ነበሩ።

ጀርመንም ያው ነበረች። ከበርሊን ደቡብ ባለችው ዉንስዶርፍ ሙስሊም ምርኮኞችን ለብቻ ሰፈር አስገብታ፣ በ1915 የእንጨት መስጂድ ሠርታ፣ ወደ ኸሊፋው ጦር እንዲሻገሩ ትሰብካቸው ነበር። የሞቱት በአቅራቢያው ባለው የጽሬንስዶርፍ መቃብር ተቀበሩ። መስጂዱ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ፈረሰ።

ፈረንሳይ ከአልጄሪያ፣ ከሞሮኮ፣ ከቱኒዚያና ከምዕራብ አፍሪካ ያመጣቻቸው ሙስሊሞች ከሕንዶቹ እጅግ ይበልጡ ነበር። ጦሩ ስለ ሙስሊም ቀብር መመሪያ አወጣ፣ ኢማሞችም መደበ። የመቃብር ድንጋዩን ንድፍ ያወጣው ሠዓሊው ኤትየን ዲኔ ነው፤ ናስረዲን ተብሎ የሰለመው ያ ሰው። ድንጋዩ ላይ ጨረቃና ኮከብ አለ፤ ከሥሩ ‹‹ይህ የመርሑም እገሌ ቀብር ነው›› የሚል የዐረብኛ ጽሑፍ። ቨርደን አጠገብ ዱዎሞን ላይ የሄደ ሰው 592 የሙስሊም መቃብሮች ከመስቀሎቹ ሰልፍ ወጣ ብለው ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረው ያያል። ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱ ወደ ቂብላ እንዲሆን ነው። እንዲህ የተከበሩት ድንጋዮች ግን ሁሉም በሰላም አልኖሩም። ኖትር ዳም ደ ሎሬት በተባለው መቃብር የሙስሊሞቹ ክፍል በ2007 አንድ ጊዜ፣ በ2008 ደግሞ ሁለት ጊዜ በዘረኞች ተበከለ። በአንደኛው የአሳማ ጭንቅላት ተንጠልጥሎበት ነበር።

ወደ እኛ ቀረብ እንበል። በ1941 ከረን ላይ ከጣሊያን ጋር የተፋለሙት አራተኛውና አምስተኛው የሕንድ ክፍለ ጦሮች ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩ። ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው ከነበሩት ኤርትራውያን አስካሪዎች ውስጥም ሙስሊሞች ነበሩ። ያ ተራራ ላይ አንዱ ሙስሊም በሌላው ላይ ተኩሷል፤ ሁለቱም ለባዕድ ንጉሥ።

አሁን ወዳለንበት ዘመን እንምጣ። በአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው ሙስሊም ቻፕሊን (የሠራዊት የሃይማኖት አገልጋይ) አብዱረሺድ ሙሐመድ ሲሆኑ የተሾሙት በ1993 ነው። ፈረንሳይ በጦሯ ውስጥ የሙስሊም አገልግሎት ክፍል በይፋ ያቋቋመችው ገና በ2005 ነው፤ ያ ሁሉ ልጅ ከሞተላት ከዘጠና ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ቻፕሊኑ በአንድ ወታደር ሞት ጊዜ ሥራው ሁለት ነው፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የአዛዡ ሥነ ሥርዓት ነው። ባለቤቱ አዛዡ ነው፤ ቻፕሊኑ ያማክራል፣ መርሐ ግብሩን ያዘጋጃል፣ ማን እንደሚናገር ይወስናሉ፣ ልምምድ ይደረጋል። መሐል ላይ የሟቹ ከስክስ ጫማ ይቀመጣል፤ ከኋላው ጠብመንጃው ሳንጃው ወደ ታች ሆኖ ይተከላል፤ ሰደፉ ላይ የብረት ቆቡ፣ ከዚያም የአንገት መለያው ይንጠለጠላል። ከዚያ ስም ጥሪ ነው። የሻምበሉ ሃምሳ አለቃ በሕይወት ያሉትን ሲጠራ ‹‹አለሁ›› ይላሉ። የሟቹን ስም ይጠራል፤ ዝም። ደግሞ ይጠራል፤ ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ሙሉ ስሙን ይጠራል። ከዚያ ተኩስ፣ ከዚያ ጥሩንባ። ይህ ሶላት አይደለም፤ የየትኛውም እምነት ወታደር ይቆምበታል። ሙስሊሙ ቻፕሊን ለክርስቲያን ወታደርም ይህንኑ ያደራጃል። የክርስቲያኑን አምልኮ ራሱ አይመራም፤ የሚመራ ቄስ የማምጣት ኃላፊነት ግን አለበት።

ሁለተኛው ጀናዛው ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። እኛ ዘንድ አስከሬን ማቆየት አይወደድም፤ ጠዋት የሞተ ከሰዓት ይቀበራል። ከኢራቅ የመጣ አስከሬን ግን መጀመሪያ ደላዌር ውስጥ ወዳለው ዶቨር የአየር ኃይል ሰፈር ይገባል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ ነው ለቤተሰብ የሚሰጠው። ቻፕሊኑ በዚህ መሐል ቆሞ ለመኮንኑ ስለ ጉስልና ስለ ከፈን ያስረዳል፤ ለአባትየው ደግሞ ለምን እንደዘገየ ያስረዳል። በ2007 ኢራቅ ውስጥ የተገደለው የኒው ጀርሲው ልጅ ከሪም ረሻድ ሱልጣን ኻን ሃያ ዓመቱ ነበር። አርሊንግተን ተቀበረ፤ ድንጋዩ ላይ ጨረቃና ኮከብ አለ። እናቱ ድንጋዩን አቅፋ የተነሳችው ፎቶ በ2008 የምርጫ ሰሞን ኮሊን ፓወል በቴሌቪዥን ስላነሱት ዓለም አወቀው።

ግንባር ላይ የቀሩት ጓደኞችስ? አስከሬኑ ሄዷል። ሐነፊዮች ሶላቱል ጋኢብን አይቀበሉም፤ የነጃሺ ጉዳይ ለእሳቸው ብቻ የተለየ ነበር ይላሉ። በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀብ ግን ይሰገዳል። ሰልፉ ሦስት ሰው ብቻ ቢሆንም ይቻላል፤ ሩኩዕ የለውም፣ ሱጁድ የለውም፣ አራት ተክቢራ ነው።

የዎኪንግ ወታደሮች ዛሬ ሆርሰል የሉም። መቃብሩ በባለጌዎች እየተጎዳ ስላስቸገረ በ1968 አፅማቸው ወደ ብሩክዉድ ወታደራዊ መቃብር ተዛወረ። ባዶው ግቢ ለዓመታት ዳዋ ለብሶ ቆይቶ በ2015 የሰላም የአትክልት ቦታ ሆኖ ተከፈተ። በሁለቱ ጦርነቶች እዚያ ለተቀበሩት 27 ሰዎች 27 የሒማላያ ዛፎች ተተክለውላቸዋል፤ ስማቸውም ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ረሒመሁሙላህ።