ሽቦው በቀረ ጊዜ፦ የጆሮ ማዳመጫና የተንቀሳቃሽ ስልክ ትውውቅ ታሪክ

ኤሪክሰን የተባለው የስዊድን ኩባንያ በ1994 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሉንድ ከተማ ይሠራ ለነበረው ሆላንዳዊ መሐንዲስ ለያፕ ሃርትሰን ትንሽ የሚመስል ጥያቄ አቀረበለት። ይኸውም ተንቀሳቃሽ ስልክን ከጆሮ ማዳመጫና ከመሳሰሉት መሣሪያዎች ጋር የሚያያይዘውን ሽቦ በአጭር ርቀት የሬዲዮ ሞገድ ለመተካት ይቻል እንደሆነ መርምሮ እንዲያቀርብ ነበር። ጥቂት ቆይቶም ስቬን ማቲሶን የተባለው ባለሙያ በሥራው ተጨመረ።

ኩባንያው ፈጠራውን ለብቻው ይዞ ቢቀር ኖሮ የአንዱ ፋብሪካ ማዳመጫ ከሌላው ፋብሪካ ስልክ ጋር ሳይግባባ በቀረ ነበር። ስለዚህ ኤሪክሰን፣ ኖኪያ፣ አይቢኤም፣ ኢንቴልና ቶሺባ በ1998 በአንድነት ማኅበር መሠረቱ፤ የመጀመሪያውም የአሠራር ደንብ በ1999 ወጣ። ብሉቱዝ፣ ማለትም ሰማያዊ ጥርስ፣ የሚለው ስያሜ የኢንቴሉ መሐንዲስ ጂም ካርዳክ በ1997 ያቀረበው ሲሆን፣ በአሥረኛው መቶ ዓመት ዴንማርክን ይገዛ ከነበረው ከንጉሥ ሃራልድ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው። ለጊዜው ብቻ ተብሎ የተሰጠ ስም ነበር፤ ጸንቶ ቀረ።

የሬዲዮው ነገር ከተፈራው ይልቅ ቀሎ ተገኘ። የአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን በ1985 ባወጣው ውሳኔ፣ የማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራበትን የ2400 ሜጋኸርዝ አካባቢ ጨምሮ አንዳንድ የሞገድ ክልሎች ያለ ግል ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ በር ከፍቶ ነበር። ክልሉ ለሁሉ ክፍት በመሆኑ ጫጫታው ብዙ ነው። መሐንዲሶቹ ያገኙት መላ በአንድ ቦታ አለመቆም ነው፤ ስልኩና ማዳመጫው በ79 መስመሮች ላይ በሴኮንድ 1600 ጊዜ አብረው ይዘላሉ፤ አንዱ መስመር ቢታወክ በሚቀጥለው ይካካሳል። የፊልም ተዋናይዋ ሄዲ ላማርና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል በ1942 ለቶርፒዶ መምሪያ ባስመዘገቡት ፓተንት በ88 ሞገዶች ላይ የመዝለልን ሐሳብ ስላቀረቡ፣ የብሉቱዝ እናት እርሷ ናት የሚሉ ጸሐፊዎች አልጠፉም። የሐሳቡ ዝምድና አይካድም፤ የዘር ሐረጉን ከዚያ በቀጥታ መምዘዝ ግን ማጋነን ነው።

ዋናው ችግር የታየው በሌላ በኩል ነው። ሽቦ ድምፅን ከማስተላለፉም በላይ ምስክር ነበር፤ የማን ማዳመጫ ከማን ስልክ ጋር እንደ ተያያዘ ለዓይን ያሳያል። ሽቦው ሲቀር ግን በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ካሉት ብዙ ስልኮች መካከል ማዳመጫው የጌታውን ስልክ በምን ይለየው? በዕለት ንግግር «ማገናኘት» የሚባለው ሥራ በእርግጥ ሁለት ሥራ ነው፤ አንደኛው ማጣመር፣ ማለት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸመው ትውውቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚደረገው ግንኙነት ነው።

ለትውውቁ ተጠቃሚው የማዳመጫውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ ይይዛል፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል። ስልኩ በአካባቢው ማን እንዳለ በሬዲዮ ይጠይቃል፤ ማዳመጫው መለያ ቁጥሩን ይመልሳል። በቀድሞው ደንብ መሠረት ከዚህ በኋላ ምሥጢራዊ ቁጥር ይጠየቅ ነበር። ቁጥሩ ራሱ በአየር ላይ አይላክም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ከእርሱ ተነሥተው 128 ቢት ርዝመት ያለው የጋራ ቁልፍ ያበጃሉ፤ ያንንም አስቀምጠው በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጥያቄ ይተዋወቁበታል።

እንግዲህ ማዳመጫ ቁጥር የሚጻፍበት ገበታ የለውም። ስለዚህ ቁጥሩ በፋብሪካ ተወስኖ፣ ብዙውን ጊዜም 0000 ሆኖ፣ በመመሪያ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ይወጣ ነበር። ለሁሉ የታወቀ ምሥጢር ምን ዓይነት ምሥጢር እንደሆነ ለባለሙያ መንገር አያሻም። ቁጥሩ ባይታወቅ እንኳ መከላከያው ደካማ ነበር። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያኒቭ ሻኬድና አቪሻይ ዉል በ2005 እንዳሳዩት፣ የማጣመሩን ልውውጥ አድምጦ የቀዳ ሰው ባለ አራት አኃዝ ቁጥሩን፣ ማለት 10,000ውን አማራጭ ሁሉ በመሞከር፣ በዚያን ጊዜም አሮጌ በነበረ የፔንቲየም 3 ኮምፒዩተር ከ0.3 ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊደርስበት ይችል ነበር።

በ2007 የወጣው 2.1 የተባለው ደንብ አሠራሩን ከሥሩ ለወጠ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ የሚገለጥና አንድ የሚሰወር ቁጥር ያዘጋጃል፤ የሚገለጡትን ብቻ ተለዋውጠው ሁለቱም ወደ አንድ የጋራ ምሥጢር ይደርሳሉ። አድምጦ የሚቀዳ ሰው ከዚህ የሚያተርፈው የለም። በሁለቱ መካከል ገብቶ ለእያንዳንዱ ሌላውን መስሎ የሚቀርብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስልክና ኮምፒዩተር ሲጣመሩ በሁለቱም መስኮት ላይ ስድስት አኃዝ ይወጣና ሰው አስተያይቶ ያጸድቃል፤ መስኮት የሌለው ማዳመጫ ግን ይህን ሊያደርግ ስለማይችል ደንቡ ያለ ማረጋገጫ ያሳልፈዋል። ደንቡን የጻፉት ይህን ጉድለት እያወቁ ነው የተዉት፤ ከ0000 የተሻለ መሆኑም አያከራክርም። በመካከል ለሚገባው ሰው ግን የሚቀረው እንቅፋት ጥቂት ነው፤ ይኸውም ማዳመጫው ለትውውቅ ክፍት የሚሆነው ባለቤቱ ቁልፉን በተጫነባት አጭር ጊዜ ውስጥ ብቻ መሆኑና የርቀቱ ማነስ ነው።