ጥላሁን ገሠሠ (1933–2001 ዓ.ም.)
የክቡር ዘበኛ (የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር) ኦርኬስትራ ያፈራው ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በወሊሶ አያቱ ዘንድ አደገ። የሙዚቃ ፍቅሩ ገና ተማሪ ሳለ የጀመረ ሲሆን፣ በሀገር ፍቅር ቴአትር ሠርቶ ወደ ክቡር ዘበኛ ተዛወረ። በዚያ ዘመን የሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍሎች የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከአገሬው ቅኝት ጋር ያዋሕዱ ነበር። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ክቡር ዘበኛ የመራው በመሆኑ፣ ሲከሽፍ ጥላሁንም ለጊዜው ታሰረ። ከዚያ በኋላ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሠርቷል። በአማርኛና በኦሮምኛ ዘፍኗል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በስኳር ሕመም ምክንያት አንድ እግሩን ካጣ በኋላም መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፍኗል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት ዐረፈ። በመስቀል አደባባይ ሕዝብ ተሰናብቶት፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።