በሳምንት አንድ ፔኒ፦ ስለ ክርስቲያናዊ ዲሲፕሊን አንድ የታሪክ ምዕራፍ

«ዲሲፕሊን» የሚለው ቃል በአብያተ ክርስቲያናችን ውስጥ ትርጉሙ እየጠበበ መጥቷል። አንድ ምእመን «ዲሲፕሊን ላይ ነው» ሲባል ከሰሙ፣ ወድቆ ተገኝቶ ከአገልግሎት ታግዷል ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዎታል። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን እግዚአብሔርን ለመምሰል ራሱን እንዲያስለምድ ሲመክረው (1ጢሞ. 4፥7) ግን፣ ያሰበው ከውድቀት በኋላ የሚመጣውን ቅጣት ሳይሆን የዕለት ተዕለቱን ልምምድ ነበር። ይህን የጠፋብንን ትርጉም ለማየት በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ የነበሩትን ሜቶዲስቶች አብረን እንመልከት።

ነገሩ የጀመረው በዕዳ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1742 የጆን ዌስሊ ተከታዮች በብሪስቶል ከተማ የነበረባቸውን የማኅበር ዕዳ እንዴት እንደሚከፍሉ ሊመካከሩ ተሰበሰቡ። ካፒቴን ፎይ የሚባል ሰው እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቹ ይህንም ለመክፈል አቅም የላቸውም የሚል ተቃውሞ ሲነሣ፣ ከሁሉ ድኾች የሆኑትን 11 ሰዎች እርሱ እንደሚወስድና የጎደለውን ከኪሱ እንደሚሞላ ተናገረ። ማኅበሩ 12 ያህል ሰዎች ባሉባቸው ቡድኖች ተከፋፈለ፤ በየቡድኑም አንድ ሰው በየሳምንቱ እየዞረ መዋጮውን እንዲሰበስብ ተስማሙ። እድርን ለሚያውቅ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ አይሆንም።

ሰብሳቢዎቹ ግን ቤት ለቤት ሲዞሩ ከሳንቲሙ ሌላ ነገር አገኙ። እገሌ እንደሚገባው እየኖረ አይደለም የሚል ወሬ ይዘው ተመለሱ። ዌስሊም ለረጅም ጊዜ ሲፈልገው የነበረው ነገር ይህ መሆኑን ወዲያው ተረዳ። ሰብሳቢው መሪ ሆነ፤ ስለ ፔኒው ብቻ ሳይሆን ስለ ነፍስም መጠየቅ ጀመረ። ቆየት ብሎ ቤት ለቤት መዞሩ አስቸገረ። ጊዜ ይፈጃል፤ በሰው ቤት የሚያገለግሉትን ለብቻ ማነጋገር አይቻልም፤ የተጣሉትንም ፊት ለፊት ማገናኘት ያስፈልጋል። ስለዚህ 12ቱ በሳምንት አንድ ቀን በአንድነት መሰብሰብ ያዙ።

ለመግባት የሚጠየቀው ከኃጢአት ለመዳንና ከሚመጣው ቁጣ ለማምለጥ መፈለግ ብቻ ነበር። በሩ ሰፊ ነው። በውስጥ ለመቆየት ግን ያ ፍላጎት በኑሮ መታየት ነበረበት፤ በየሦስት ወሩም አባላቱ እየተመረመሩ የአባልነት ትኬት ይታደስላቸው ነበር።

አሁን ወደ ኒውካስል እንሂድ። እ.ኤ.አ. በማርች 1743 ዌስሊ ከዚያ ማኅበር የተወገዱ 64 ሰዎችን ከነምክንያታቸው መዝግቧል። ሁለቱ በመሳደብና በመራገም፣ ሁለቱ ሰንበትን በመሻር፣ 17ቱ በስካር፣ ሁለቱ አረቄ በመሸጥ፣ ሦስቱ በጠብ፣ አንዱ ሚስቱን በመደብደብ፣ ሦስቱ በውሸት፣ አራቱ በሐሜት፣ አንዱ በስንፍና፣ 29ኙ ደግሞ በቸልተኝነት። (ሚስቱን የደበደበው ሰው «የቤት ጉዳይ ነው» ተብሎ እንዳልታለፈ ልብ ይበሉ።)

በመጨረሻው ቁጥር ላይ ጥቂት ይቆዩ። ከተወገዱት ሁሉ ግማሽ የሚጠጉት ከባድ በደል የተገኘባቸው አይደሉም፤ ነገሩን ቀለል አድርገው የያዙ ሰዎች ናቸው። እኛ ሽማግሌዎችን የምንሰበስበው ዝሙት ሲሰማ ነው። ጸሎቱን ከተወ ዓመት ያለፈውን፣ እሑድ መጥቶ እየዘመረ የሚሄደውን ሰው ማን ጠርቶ ያነጋግረዋል? አንድ ሰው ከእድር ሦስት ጊዜ ቢቀር ይጠየቃል፤ ከመካከላችን ሦስት ወር ቢጠፋ ግን ስልክ የሚደውልለት ላይኖር ይችላል።

የዌስሊ እርምጃ ጭካኔ መስሎ ከታየዎት፣ ሁለት ነገር ያስቡ። የሚወገደው ሰው ማንም ሳያውቀው የኖረ አልነበረም፤ መሪው በየሳምንቱ እንዲያገኘው፣ እንዲመክረውና እንዲያጽናናው ተመድቦለት ነበር። ደግሞም የተወገደው ከማኅበሩ እንጂ ከስብከቱ አልነበረም፤ ስብከቱ ለሁሉ ክፍት ነበር። እንዲህ ዓይነት ክትትል ሳይደረግ የሚወሰድ እርምጃ ግን በእኔ እይታ ቢሮክራሲ ነው።

በአገራችንም የዚህ ዘመድ የሆነ ታሪክ አለ፤ ከብሪስቶል ባይቀዳም። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋና ንብረቷን ሲወርስ ምእመናኑ 5 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. ዳግመኛ በይፋ ስትሰበሰብ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። በመካከሉ የነበረው ከቤት ወደ ቤት የሚዘዋወር ትንሽ ኅብረት ነው፤ እዚያ አንድ ሰው ከቀረ መቅረቱ ይታወቃል። ዛሬ ብዙዎቹ የቤት ኅብረቶቻችን የታተመ ትምህርት አንብበው ይበተናሉ። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የሜቶዲስቶቹ ክፍል የትምህርት ክፍል አልነበረም፤ ዋናው ሥራው «ባለፈው ሳምንት ከጌታ ጋር እንዴት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ ነበር።

ጥሩ ስብከት ብቻውን አይበቃምን? ለዚህ ጥያቄ የዌልሷ ፔምብሮክሺር መልስ አላት። ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1763 ወደዚያ ሲደርስ ለ20 ዓመታት ብዙ የተሰበከበትን ምድር አገኘ፤ ማኅበር ግን አልነበረም፤ ዲሲፕሊንም አልነበረም። በአንድ ወቅት ከነቁት ከ10ሩ 9ኙ ከቀድሞው የከበደ እንቅልፍ ላይ ነበሩ። ተከታትሎ መያዝ በማይችልበት ስፍራ መስበክ ላለመጀመር አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1743 ቆርጦ ነበር።