«ግሉኮስ»፦ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች የአንድ የሕክምና ቃል ታሪክ

በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በበደሌና በሌሎቹ የቀድሞው ኢሉባቦር ከተሞች በሽተኛ የሚያስታምም ቤተሰብ በደም ሥር የሚሰጠውን ማናቸውንም ፈሳሽ «ግሉኮስ» ይለዋል። ቃሉ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ንግግር ውስጥ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ የያዘውን ፍች ከሕክምናው ታሪክ ጋር አገናዝቦ መመርመርና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ለተርጓሚዎች አንድ ሐሳብ ማቅረብ ነው።

ጥያቄውን ያነሣሣው አንድ ገጠመኝ ነው። ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ አንዲት እናት ሐኪሙን፣ «ዶክተር፣ ግሉኮሱን ለምን ነቀላችሁበት? ምን ቀምሶ ይነሣ?» ሲሉ ጠየቁ። ሐኪሙም፣ «እማማ፣ ውሃው ሳንባው ላይ እየተኛበት ነው፤ ከዚህ በላይ ከሰጠነው ይጎዳዋል» ሲል መለሰ። ሴትዮዋ አላመኑትም። ሐኪሙ ስለ ፈሳሽ መጠን ሲናገር እርሳቸው የሰሙት ልጃቸው ምግብ መከልከሉን ነበር። አለመግባባቱን የፈጠረው ቃሉ ነው።

እንደሚታወቀው ግሉኮስ የስኳር ዓይነት ነው። የአንድ ዓይነት ስም ለመላው ወገን መጠሪያ ሲሆን የፍች መስፋት ይባላል፤ የጥርስ ሳሙናን ሁሉ «ኮልጌት»፣ የልብስ ማጠቢያ ዱቄትን ሁሉ «ኦሞ» ማለታችን ከዚሁ የሚመደብ ነው። ይሁን እንጂ በሳሙና ላይ የማይጎዳው የፍች መስፋት በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ሊጎዳ ይችላል።

የሕክምናው ታሪክ የሚጀምረው ከስኳር ሳይሆን ከጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ኮሌራ በብሪታንያ በተዛመተ ጊዜ ቶማስ ላታ የተባለው የስኮትላንድ ሐኪም የጨው ውሃ በደም ሥር ሰጠ። የመጀመሪያዋ ታካሚ አንሠራርታ ሳለ ሐኪሙ ተለይቷት ቢሄድ ሕመሙ አገርሽቶባት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞተች። ፈሳሽ መስጠትና የተሰጠውን መከታተል የማይነጣጠሉ መሆናቸው ገና ከጅምሩ ታየ። ኋላም በ1880ዎቹ ሲድኒ ሪንገር የጨዎቹን ስብጥር አሻሻለ፤ በ1930ዎቹ አሌክሲስ ሃርትማን ላክቴት ጨመረበት። ዛሬ በየሆስፒታሉ «ሪንገር ላክቴት» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። 5 በመቶ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ ሲሰጥ ስኳሩን ሕዋሳት ይወስዱታል፤ የቀረው ውሃ በመላው ሰውነት ይሰራጫል። ስለዚህ ከ1 ሊትሩ በደም ሥር ውስጥ የሚቆየው 80 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ነው። በሊትር 9 ግራም ጨው ካለው ፈሳሽ ግን በጤነኛ ሰው ሩብ ያህሉ ይቆያል። የደም ግፊቱ ለወደቀ የሴፕሲስ ሕመምተኛ ሐኪም የሚመርጠው እንግዲህ ሕዝቡ በስሙ የሚጠራውን ፈሳሽ አይደለም።

«ሴፕሲስ» ራሱ ከግሪክኛ የመጣ፣ መበስበስን የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ቁስሉ አመረቀዘ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ለጥንታዊ ፍቹ ይቀርባል። «ደም መመረዝ» የሚለው የተለመደ ትርጉም ግን መርዝ ያበላ ሰው ያለ ያስመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ብያኔ መሠረት ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓቱን ስቶ የአካል ክፍሎችን ሥራ ሲያውክና ሕይወትን አደጋ ላይ ሲጥል ነው። «ሾክ»ንም «ድንጋጤ» ብሎ መተርጐም ያሳስታል፤ ሕመምተኛው አልደነገጠም፣ ደሙ ለአካል ክፍሎቹ በበቂ አልደረሰም እንጂ።

ስለ መጠኑም የሐኪሞች አስተሳሰብ ተለውጧል። ዓለም አቀፉ መመሪያ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ ግራም ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ያህል መስጠትን ያመለክታል፤ ለ60 ኪሎ ሰው 1.8 ሊትር መሆኑ ነው። ሆኖም በ2021 ይህ ከጠንካራ ምክር ወደ ደካማ ምክር ዝቅ ብሏል። ከዚያ በፊት በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ ከ100 ከ10 በላይ፣ ካልተሰጣቸው 7 ያህሉ መሞታቸውን አሳይቷል። በ2017 ከዛምቢያ የወጣው የአዋቂዎች ጥናትም ብዙ ፈሳሽና የደም ግፊት ማንሻ መድኃኒት ከሚያዘው የሕክምና ሥርዓት 48.1፣ ከተለመደው ሕክምና 33 በመቶ ሞት መዝግቧል። የመተንፈሻ መሣሪያና የጽኑ ሕሙማን አልጋ በማይበረክትበት ስፍራ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው ቀርቧል። ለጠቅላላው ወገን «የደም ሥር ፈሳሽ»፤ ለዓይነቶቹ «የጨው ፈሳሽ»፣ «የሪንገር ፈሳሽ»፣ «የስኳር ፈሳሽ» ይባል። እንደ ሥራው ደግሞ የወደቀውን ግፊት የሚመልሰው «ማንሠራሪያ»፣ የዕለቱን ፍላጎት የሚሸፍነው «መጠበቂያ»፣ ትርፉን ማስወጣት «ማራገፍ» ይሁን። «ሴፕሲስ»ና «ሾክ» በውሰት ይቆዩ። «ግሉኮስ» ከመዝገበ ቃላት አይሰረዝ፤ ሁለተኛ ፍቹ «በሕዝብ አነጋገር፣ ማናቸውም የደም ሥር ፈሳሽ» ተብሎ ይመዝገብ።

ለሚጠጣው የጨውና የስኳር ብጥብጥ «ሕይወት አድን» የሚለው ስም ሠምሯል። ያንኑ መንገድ ተከትሎ የደም ሥር ፈሳሽን በመልካም ውጤቱ ብቻ መሰየም ግን አይገባም፤ ሲበዛ ይገድላልና። በአፋን ኦሮሞም ውሃ «ቢሻን»፣ ደም «ዺጋ»፣ ፈሳሽ «ዸንገላኣ» እያሉ «ግሉኮስ» ብቻውን የግድ ሊሆን አይገባውም። በመቱ ካርል ሆስፒታል የሚሠለጥኑት የመቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች በሁለቱም ቋንቋ ከአስታማሚ ጋር መነጋገር አለባቸው። ለእናቲቱም፣ «ማንሠራሪያው ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን ማራገፍ ነው» ቢባሉ ኖሮ፣ ሐዘናቸው ባይቀልም ጥርጣሬያቸው በቀለለ ነበር።